የተገለበጠች መኪና ስንት ታወጣለች?

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ጉና ቁልቁለት ላይ የተገለበጠችበትን ቶዮታ አሠርቶ፣ ቀለም አስቀብቶ ሙሽራ አስመስሏታል። ሴባስቶፖል በተሠራበት በጋፋት አገር ላሜራ ማቃናት ምን ይከብዳል!

«አንተ ብቻ ዝም በል፣ ደላላው ገዢ አምጥቷል» አለኝ። ገዢው ከክምር ድንጋይ ነፋስ መውጫ ሰው ሊያመላልስባት ያሰበ ወጣት ነው።

የአሮጌ ሬዲዮ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ በሯ ላይ ለጠፍኩት። ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ላይ አልይዝ አለ።

እናንተም ልብ በሉ። ኮፈን፣ በር፣ ፓራውልት በብሎን ተፈትቶ የሚገጠም ነው፤ ቢቀየር ዋጋዋን ብዙም አይጎዳም። ሻንሲዋ ወይም የጣራዋ ምሰሶ ተጣሞ በብየዳ ከተቃና ግን ዋጋዋ ክፉኛ ይወድቃል። መሪዋ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማ ትበላለች፣ ዳግም ብትጋጭ እንደ ድሮዋ ሰው አታድንም።

«ከተናገርኩ እከስራለሁ» አለ። እውነቱን ነው። ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢው አውቆ ለገዛው ጉድለት ግን አይጠየቅም። ደብቆ ከመሸጥ ነግሮ ቀንሶ መሸጥ ይሻላል።

በመጨረሻ ነገረው። ልጁ ከሥሯ ገብቶ ብየዳውን አየና አመስግኖ ሄደ። የአክስቴ ልጅ እስካሁን አኩርፎኛል። ምን ላድርግ? ያንን ቁልቁለት አውቀዋለኋ!

እናንተ ብትሆኑስ? ሳምንት ያገናኘን።