ካሜራው ረክሷል፣ ዳማኑስ የማን ነው?

እህቶቼ፣ ሰሞኑን ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ካሜራ ሆኗል። ወንድም ሠርግ መቅረጽ ጀምሬያለሁ ላኪልኝ ይላል። እኛም ራሳችን ስንመለስ ትንሽ ፎቶ ቤት እከፍታለሁ ብለን የምናስብ ብዙ ነን። ከዚያ የእረፍት ቀናችን ሲደርስ ዴይራ ወይም ቡር ዱባይ እንወጣለን። አንዱ ሱቅ ለምሳሌ 3,000 ድርሃም ያለንን ካሜራ፣ ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው በ2,600 እሰጣችኋለሁ ይለናል። ሳጥኑ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው። ታዲያ 400 ድርሃሙ የት ሄደ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ለምን አሁን በዛ?

ሦስት ነገር ተደራርቧል። አንደኛው የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ሲወደድ፣ ቤተሰብ ዓይኑን ወደ እኛ ያዞራል።

ሁለተኛው የጃፓን ገንዘብ ነው። ካኖን፣ ኒኮን፣ ሶኒ ሁሉም የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር 103 የን ገደማ ነበር፣ በ2024 ግን ከ160 የን በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ድርሃም (በ3.67) እና ሪያል (በ3.75) ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ዶላር የያዘ ነጋዴ ጃፓን ሄዶ በየን ሲገዛ፣ ያው ካሜራ ከሌላው አገር በጣም ይረክስለታል።

ሦስተኛው የአሜሪካ ቀረጥ ነው። በ2025 አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጨምር፣ ሦስቱም ኩባንያዎች እዚያ የሚሸጡበትን ዋጋ ከፍ አደረጉ። ይኼ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። የሚያገባን እንዲህ ነው፦ አንድ ዕቃ በየአገሩ ዋጋው በተራራቀ ቁጥር፣ ከርካሹ ገዝቶ ውድ በሆነበት የሚሸጥ ሰው ይበዛል። ዱባይ ደግሞ ከጥንትም ዕቃ አምጥቶ መልሶ በመሸጥ የምትኖር ከተማ ናት።

ግሬይ የሚሉት ዕቃ

በዚህ መንገድ፣ ከኩባንያው ወኪል እጅ ሳያልፍ የመጣ ዕቃ ግሬይ ይባላል። ልብ አድርጉ፣ ግሬይ ማለት የውሸት ማለት አይደለም። የተሰረቀም ማለት አይደለም። ካሜራው ያው ፋብሪካ የሠራው ኦሪጅናል ነው። ልዩነቱ ኩባንያው ለሌላ አገር ገበያ ያወጣው መሆኑ ነው፣ ዋስትናውም የዚያ አገር ነው።

ለዚህ ነው ሻጩ «ዳማን አለው» ሲላችሁ በዚያ ማቆም የሌለባችሁ። የማን ዳማን? ብላችሁ ጠይቁ። «ዳማን አል ወኪል» ከሆነ የኩባንያው ወኪል ነው የሚጠግነው። «ዳማን አል መሐል» ከሆነ ግን የሱቁ ቃል ነው። ሱቁ ከተዘጋ ወይም ሰውየው ከካደ ዳማኑም አብሮ ሄደ ማለት ነው። «ኢንተርናሽናል ዋራንቲ» የሚለውን ቃልም እንዲሁ አትመኑ። ካርዱን አስወጡና የትኞቹ አገሮች እንደተጻፉበት እዩ። በተለይ ካሜራ ላይ ኩባንያዎቹ አገር ይለያሉ። የአሜሪካው ኒኮን ለምሳሌ ግሬይ የሆነን ካሜራ በዋስትና ቀርቶ በገንዘብም አልጠግንም ይላል።

አንዲት ጓደኛዬ የደረሰባትን ልንገራችሁ። የገዛችው ካሜራ በአራተኛው ወር ፎከስ ማድረግ አቆመ። ወደ ኩባንያው ጥገና ቤት ወሰደችው፣ ሲሪያል ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አይተው የዚህ አገር አይደለም፣ ትከፍያለሽ አሏት። ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሱቁ አልካደም፣ ግን ወደ ውጭ እንልከዋለን፣ ሁለት ወር ይፈጃል አላት። የእሷ ኮንትራት የቀረው አምስት ሳምንት ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? ከፍላ አሠራችው። ርካሽ ብላ ያተረፈችው ሁሉ እዚያ አለቀ።

ለእኛ ለምን ይከብዳል?

ቁጭ ብለን እናስላው። ከላይ ባለው ምሳሌ ትርፉ 400 ድርሃም ነው። ጥገና ቢያስፈልግ 800 ይጠይቃል እንበል። ከአሥር ካሜራ አንዱ ቢበላሽ፣ አሥር ካሜራ የሚገዛ ፎቶ ቤት 4,000 አትርፎ 800 ይከፍላል። ለእሱ ግሬይ አዋጭ ነው። እኛ ግን የምንገዛው አንድ ነው። በወር 1,200 ለምታገኝ ልጅ 2,600 ድርሃም ከሁለት ወር በላይ ላቧ ነው። ያ አንዱ ከተበላሸ የሚያካክስላት ሌላ ካሜራ የላትም።

ሌላም አለ። ዋስትና ማለት መመላለስ ማለት ነው። ማዳም በሥራ ቀን ካላስወጣችሽ፣ ጥገና ቤቱም አንቺ በምትወጪበት ቀን ዝግ ከሆነ፣ የወኪሉም ዳማን ቢሆን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የጥገና ቤቱን ቀንና ሰዓት ጠይቁ።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እንየው፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ውዱን ግዙ ማለትም ትክክል አይደለም። በሚቀጥለው ወር ጠቅልለሽ የምትገቢ ከሆነ፣ የኤምሬትስ ወኪል የሚሰጠው ዳማን አዲስ አበባ ላይ ይሠራል ወይ? ካልሠራ ለማትጠቀሚበት ነገር 400 ድርሃም ልትከፍዪ ነው። እንዲህ ከሆነ ግሬዩን ገዝቶ 400ውን ለጥገና ለብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። ሳይነካ ከተቀመጠ ያ ገንዘብ ራሱ ዋስትና ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እዚሁ የምትጠቀሚበት ከሆነ ግን የወኪሉን ግዢ። ሌንስ ብቻ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ ግሬዩ ብዙ አያሰጋም፣ ከካሜራው አካል ይልቅ በውስጡ የሚበላሽ ኤሌክትሮኒክስ ትንሽ ነው።

ሱቅ ውስጥ የምታዩት

ሳጥኑ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር፣ ካሜራው ሥር ካለውና ዋስትና ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ካልሆነ ትታችሁ ውጡ።

ካሜራውን አስከፍታችሁ ቋንቋውን እዩ። ለጃፓን ገበያ የወጡ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም፣ ቀይሩልኝ ቢሉም አይቀየርም።

ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል መኖሩን ተመልከቱ። ሶኬቱ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ከሆነ ዕቃው ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ለአገር ቤት አስማሚ ያስፈልጋችኋል። ባትሪውና ቻርጀሩ ከሳጥኑ ጋር የመጡ ይሁኑ። አንዳንድ ሻጭ አውጥቶ ለብቻ ይሸጣቸዋል ወይም የውሸት ይተካበታል። ሜሞሪ ካርድም የውሸቱ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ፋቱራ። ያለ ፋቱራ ከሆነ እቀንስልሻለሁ የሚል ይኖራል። ታክሱ እዚህ 5 በመቶ፣ ሳዑዲ 15 በመቶ ስለሆነ ቅናሹ ያጓጓል። ግን እሺ አትበሉ። ፋቱራው ላይ ቀኑ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የዳማኑ ዓይነትና የጊዜው ርዝመት ይጻፍ፣ በማዳም ስም ሳይሆን በራሳችሁ ስም ይውጣ። ይኼ ለጥገና ብቻ አይደለም። ስትወጡ ሻንጣችሁ ቢፈተሽና ይኼ የማን ነው ብትባሉ መልሱ እሱ ወረቀት ነው። ቦሌ ጉምሩክም ዋጋውን ሲጠይቃችሁ ያስፈልጋችኋል። የሙቀት ወረቀት ቶሎ ስለሚጠፋ ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለአንድ ሰው ላኩት።

የኤምሬትስ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ (ቁጥር 15፣ 2020) ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥና የገባውን ዋስትና እንዲያከብር ያስገድዳል፣ የቤት ሠራተኛ ነሽ ብሎ የሚቀንስብን መብት የለም። ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ የንግድ ሚኒስቴር «በላግ ቲጃሪ» የሚባል የቅሬታ አፕ አለው። ሁለቱም ጋ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው ፋቱራ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁና ላብቃ። አዲሱን ካሜራ ለመሞከር ብላችሁ የአሠሪዎቻችሁን ቤተሰብ ወይም ልጆች ሳይፈቅዱ አታንሱ፣ እዚህ አገር በሕግ ያስቀጣል። ከሰገነት ሆናችሁ ሰማዩን አንሱ፣ ዛፉን አንሱ። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግማችሁ አንሱበት፣ አገር ቤት ላድርሰው ብላችሁ ሳጥን ውስጥ አትቆልፉት። ጉድለት ካለው ሱቁ ቅርብ ሳለ፣ እናንተም እዚሁ ሳላችሁ ይታወቅ።