ያላየነው መሣሪያ ይጠቅመናልን?

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ዕቃ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ፣ ዋጋው ሳይታወቅ፣ ስሙም እንኳ ሳይነገር «ይጠቅማል»፣ «የለም፣ አይጠቅምም» እየተባለ ሰዎች ሲከራከሩበት ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ክርክር የሥራ ፈቶች ጨዋታ አድርገው ይቆጥሩታል፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውንም ምሳሌ ይጠቅሱበታል። እኔ ግን ክርክሩን አልንቀውም። ገዢ ገንዘቡን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ትምህርት ቤትም በጀቱን ሳይመድብ አስቀድሞ ማሰብ የሚችለው ዕቃው ገና በወሬ ላይ ሳለ ነውና። ዕቃው ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ጥርጣሬ ጸጸት እንጂ ምክር አይባልም። የሚያሳዝነው የክርክሩ መኖር ሳይሆን የሚካሄድበት መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት በዘመናችን ብዙ ከተወራላቸው መሣሪያዎች አንዱን፣ ታብሌት የተባለውን ኮምፒዩተር፣ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

በ2009 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ አዲስ ኮምፒዩተር በምስጢር እየሠራ ነው የሚል ወሬ በጋዜጣውም በኢንተርኔቱም ተናፈሰ። ወሬኞቹ «አይስሌት ይባላል» ብለው ስም እስከ ማውጣት ደረሱ፤ ዋጋውንም ወደ 1000 ዶላር አስጠጉት። መልኩን ሲገምቱም ከኪስ ስልክ የሚሰፋ፣ ከላፕቶፕ የሚያንስ፣ የፊደል ቁልፎች የሌሉት፣ በጣት እየነኩ የሚያዙት አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው አሉ። (ታብሌት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሙሴ ከተራራ ይዞት ለወረደው ጽላትም፣ ሐኪም ለሚያዘው ኪኒንም መጠሪያ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ለቀልደኞች የተመቸ ነበር።) ከዚህ ሁሉ ወሬ መካከል አንዱ ጥያቄ ቁም ነገር ነበረው፤ ይኸውም፣ ስልክ ያለው፣ ላፕቶፕም ያለው ሰው በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ሦስተኛ ዕቃ ምን ያደርግለታል? የሚለው ነው።

ተጠራጣሪዎቹ በከንቱ አልተጠራጠሩም፤ ታሪክ ከእነሱ ጎን ነበር። አላን ኬይ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ልጆች እንደ መጽሐፍ ይዘውት የሚዞሩ ኮምፒዩተር በ1972 በጽሑፍ ነድፎ፣ ስሙንም ዳይናቡክ ብሎት ነበር። የዘመኑ ጥበብ ስላልደረሰበት ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። በ1993 አፕል ራሱ ኒውተን የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ በብዕር የተጻፈበትን የእጅ ጽሕፈት አንብቦ ወደ ማተሚያ ፊደል ይለውጣል የተባለው ይህ መሣሪያ ቃላቱን እያሳሳተ ስላነበበ የሰው መሳለቂያ ሆነ፤ በ1998ም ሥራው ቆመ። በ2001 ደግሞ የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ በላስ ቬጋስ ከተማ የታብሌት ኮምፒዩተር አሳይተው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሚሸጡት የግል ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይህ ዓይነቱ ይበልጥ ተፈላጊ እንደሚሆን ተናገሩ። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ የተባለው ግን አልሆነም። ሦስት ጊዜ የከሸፈ ሐሳብ በአራተኛው ይሳካል ብሎ ለማመን የሚያመነታ ሰው ሞኝ ሊባል አይገባውም።

ወሬው እውነት ሆኖ ጥር 19 ቀን 2002 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት ጃንዩዋሪ 27 ቀን 2010፣ ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ አይፓድን አሳየ። የመስታወቱ ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ 9.7 ኢንች፣ ክብደቱ 680 ግራም ገደማ፣ ባትሪው 10 ሰዓት የሚያሠራ፣ የትንሹም ዋጋ 499 ዶላር ነበር። ካሜራ አልነበረውም፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳም አልነበረውም፤ የፊደል ቁልፎቹም በመስታወቱ ላይ ብቅ የሚሉ ሥዕሎች ነበሩ። ተጠራጣሪዎቹ ይህን ጉድለት አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ ቆጠራቸውም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ገበያ ላይ በዋለ በ28 ቀን ውስጥ 1 ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚያ በኋላማ «እኛ ድሮም ብለን ነበር» ባዩ በዛ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የቆጠሩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምዳሜያቸው ለምን ተሳሳተ? አንድ ሰው ነጠላን ከካፖርት ጋር እያስተያየ ሲተች አስቡ። ነጠላ ኪስ የለውም፤ ቁልፍ የለውም፤ እጅጌም የለውም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ተቺው ነጠላ የሚለበስበትን ሰዓትና ቦታ፣ ለባሹንም ሰው ረስቷል። የታብሌት ተጠራጣሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አዲሱን ዕቃ የሚመዝኑት በላፕቶፕ ነበር፤ ላፕቶፕ ያለው፣ እሱ የሌለው ምንድን ነው? እያሉ። ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አይውልም። ጋደም ብሎ ያነባል፤ በመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ያያል፤ ከልጁ ጋር አንድ ሥዕል ለሁለት ይመለከታል። የፊደል ቁልፍ የሚያስፈራቸው አያትም በጣታቸው ገጽ መግለጥ አያቅታቸውም። ለዚህ ሁሉ ላፕቶፕ ይከብዳል፤ ስልክ ይጠብባል። በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ መኖሩን ለማወቅ መሣሪያውን መመልከት አይበቃም፤ የሰውን ውሎ መመልከት ያስፈልጋል።

አድናቂዎቹም ቢሆኑ ከስሕተት አልዳኑም። እንዲያውም የእነሱ ስሕተት ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል ባይ ነኝ። ተጠራጣሪ ቢሳሳት ዕቃውን ሳይገዛ ይቀራል፤ አድናቂ ሲሳሳት ግን ለሺህ ሰው ይገዛል። በ2013 የሎስ አንጀለስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ሁሉ አይፓድ ለማደል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ዕቅድ አወጡ። ዕደላው በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቹ የተጣለውን ገደብ ጥሰው በመሣሪያው እንዳሻቸው መጠቀም ያዙ። ለፈተናም የፊደል ቁልፍ የግድ እንደሚያስፈልግ፣ እሱም ለብቻው መገዛት እንዳለበት የታሰበው ዘግይቶ ነበር። በ2014 ውሉ ተቋረጠ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ በሳሎን ወንበር ላይ ያስደሰተው ያው ዕቃ ነው። የተለወጠው የተሰጠው ሥራ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ ለሕፃናት ታብሌት ሰጠ። ባትሪውም የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ ልጆቹ ከታሸገው ካርቶን አውጥተው በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተደነቀ። እኔም ተደንቄአለሁ፤ የተደነቅሁት ግን በልጆቹ ነው። የማያውቀውን ዕቃ ነካክቶ የሚፈታ ልጅ ጥንትም ነበር፤ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ የተቆጡትን ልጅ የማያውቅ ሰፈር አለን? ከዚህ ይልቅ ልጠይቅ የምሻው ልጆቹ የዘመሩት ፊደል የማን ፊደል እንደ ነበር ነው። በቤታቸው የማይነገር ቋንቋ ፊደል ነው።

ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ደግሞ ስለ ፕላዝማ ያጫውቷችኋል። ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ በሳተላይት አማካይነት ትምህርት የሚያሰራጩ ቴሌቪዥኖች ተተክለው ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ተማሪ ቢገባውም ባይገባውም አይጠብቅም፤ እጅ ቢያወጡለትም አያይም። በዚህ ረገድ ታብሌት እጅግ ይሻላል። አንባቢው ያቆመዋል፤ ይመለሳል፤ ያልገባውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ይደግማል። አንድ መሣሪያ ለተማሪ የሚጠቅመው እንደ ተማሪው ርምጃ መራመድ ሲችል ነውና፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለ10 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ መያዙም ቀላል ነገር አይደለም።

ለንባብ ይህን ያህል ካመሰገንሁት ለጽሕፈትስ? ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። በመጀመሪያ ለእኛ የሚያደላ አንድ ጥቅም አለው። 33ቱ ፊደላችን በ7 ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በጽሕፈት መኪና ጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስላልተቻለ፣ ፊደሉ በቁርጥራጭ እየተቀጠለ ይጻፍ ነበር፤ በዚያ መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው የፊደሉን መንጋደድ ያስታውሳል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን ቁልፍ በመስታወት ላይ የሚሣል እስከ ሆነ ድረስ መልኩን እንደ ፊደሉ ለመለወጥ የሚከለክለው የለም። «ለ»ን ስትነኩ «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ላ» ከአጠገቧ ተሰልፈው ይቀርቡላችኋል። የፊደል ቁልፍ የለውም ብለው ያዘኑት ተቺዎች በ26 ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ጉድለት የሆነው ለእኛ በረከት ሊሆን ችሏል።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን፣ ሦስት ገጽ ድርሰት በመስታወት ላይ ጽፋችሁ ሞክሩ እላችኋለሁ። ቁልፎቹ ብቅ ሲሉ የገጹን እኩሌታ ያህል ይሸፍናሉ፤ ጣት የነካችውን ፊደል በመዳሰስ ስለማትለይ ዓይን ከጽሑፉ ወደ ቁልፉ ይመላለሳል፤ አንገትም ይጎብጣል። አጭር መልእክት ለመላክ ይህ ችግር አይደለም። አሳብን አዋቅሮ፣ ሰርዞ፣ አንቀጹን ከላይ ወደ ታች አዛውሮ ለሚጽፍ ተማሪ ግን ትዕግሥቱን ይጨርሳል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ጸሐፊ ደግሞ አጭር ይጽፋል። የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው፤ ታብሌት ለአንባቢ መልካም ባልንጀራ፣ ለጸሐፊ ግን ሰነፍ ረዳት ነው። እናንተ ሁለቱንም ናችሁ። ነገ ሌላ መሣሪያ በወሬ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ «ምን ያሳየኛል?» ብላችሁ አትቅሩ፤ «ምን ያሠራኛል? በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው ሰዓት? ባትሪውስ ሲያልቅ የት እሰካዋለሁ?» በሉ።

ከሠሪዎቹ የበለጠ ይህን የሚያረጋግጥ ምስክር አላገኘሁም። ስቲቭ ጆብስ በሕይወት ሳለ በብዕር የሚሠራ ታብሌትን ሲነቅፍ ነበር። እሱ በ2011 ካረፈ በኋላ፣ በ2015፣ ኩባንያው ትልቁን አይፓድ ሲያወጣ አንድ እርሳስና አንድ የፊደል ቁልፍ ሰሌዳ አብሮ ለሽያጭ አቀረበ። እርሳሱ 99 ዶላር፣ ሰሌዳው 169 ዶላር ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ 268 ዶላር፣ ማለትም የመጀመሪያው ታብሌት ከተሸጠበት ከ499 ዶላር ዋጋ ከግማሽ በላይ ይሆናል።