ለቤት የምትበቃ አምፕሊፋየር

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቃ አገኘችኝ። ልጇ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ ቤዝ ጊታር እንዲመታ ተመድቧል። ጊታሩን አጎቱ ገዝቶለታል። «እኅቴ፣ አሁን ደግሞ አምፕሊፋየር ካልተገዛልኝ ይለኛል። ጊታሩ ብቻውን አይሰማም እንዴ? ደግሞስ የቱ ነው የሚገዛው? ሱቅ ገብቼ ባይ አንዱ ቁም ሣጥን ያህላል፣ አንዱ ከምሳ ዕቃ አይበልጥም» አለችኝ። የጠየቀችኝ ሙዚቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። ከዜማ ጋር ያለኝ ዝምድና ከጉባኤው ጋር አብሮ ከመዘመር አያልፍም። ይሁን እንጂ ከቤዝ ጊታር ጋር በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለያይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁና፣ በር ላይ ቆሜ በችኮላ የመለስኩላትን ዛሬ ተቀምጬ ልመልስላት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ወላጆችም ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ፣ አይሰማም ነው። ክራርም ሆነ ተራው ጊታር ባዶ ሆድ ስላለው ድምፁን ራሱ ያጎላል። የኤሌክትሪኩ ቤዝ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን እንጨት ነው። የክሮቹን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ከሥራቸው የተቀበሩት ማግኔቶች ናቸው፤ ያ ኤሌክትሪክ አምፕሊፋየር ውስጥ ገብቶ በስፒከር ካልወጣ በቀር ለልጁ የሚደርሰው የክር ኮሽታ ብቻ ነው። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲሽን የተባለውን ቤዝ ጊታር ካወጣ በኋላ በማግሥቱ ዓመት በ1952 ቤዝማን የተባለውን አምፕሊፋየር ያስከተለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በዚያው ይለማመድ» የሚል ወላጅ ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። እንግዲህ የእኛን ቤት ስሕተት ልንገራችሁ።

የበኩር ልጃችን ቤዝ ሲጀምር እኔና ባለቤቴ «አንዴ ትልቁን ገዝተን እንገላገል» አልን። አንድ ጉባኤ ዕቃውን ሊቀይር ባለ 15 ኢንች ስፒከር አምፕሊፋየር በጥሩ ዋጋ ይሸጥ ነበርና ገዛነው። ለቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበረን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ሲያወጡት ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከሥራችን የሚኖሩት እማማ በር አንኳኩ። ለጠብ አልመጡም። «ልጄ፣ የቡፌዬ ብርጭቆ እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው፤ ምን እየፈጫችሁ ነው?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ሰውየው መጋቢ፣ ቤቱ የጸሎት ቤት ተብሎ የሚታወቅ፣ የጎረቤት ቡፌ ግን የሚያንቀጠቅጥ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ድምፁን ሊቀንስ ሞከረ። ትልቅ አምፕሊፋየር ግን ለሹክሹክታ አልተሠራም፤ ቁልፉን ትንሽ ሲመልሰው ይጠፋል፣ ትንሽ ሲያዞረው ብርጭቆው ይጮኻል። በመጨረሻ መሰካቱን ተወው።

ስድስት ወር ያህል ጊታሩን ሳይሰካ ተለማመደ። ታዲያ በመድረክ ላይ የሙዚቃው ኃላፊ «ክሩን እንደ እንጨት ትፈልጠዋለህ፤ ደግሞ የለቀቅኸው ክር ሳይታፈን ይጮኻል» እያለ ደጋግሞ ያርመው ጀመር። እኔም በበኩሌ ስለ ትጋት ጥቅስ ጠቅሼ ገሠጽኩት። ያን ዕለት የመለሰልኝን አልረሳውም፤ «እማዬ፣ በየቀኑ ተለማምጃለሁ። ግን ምን እንደምመታ አልሰማም» አለኝ። ጊታሩን ለሌላ ልጅ ስጡት ያለውም በዚያው ሳምንት ነው።

እውነቱን ነበር። ድምፁን የማይሰማ ልጅ ለመስማት ሲል ክሩን በኃይል ይመታል፤ እጁም በዚያው ይለምዳል። ቤዝ ላይ ደግሞ ከሚመታው ክር እኩል የሚያስቸግረው ዝም ማለት ያለበት ክር ነው። ሳይሰካ ሲለማመድ ያ ጥፋት አይሰማውም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ግን ጉባኤው ሁሉ ይሰማዋል። ልጄ ሰነፍ ሳይሆን እኛ ለመድረክ የሚሆን ዕቃ ገዝተን መኝታ ቤት ውስጥ ያስቀመጥን ወላጆች ነበርን።

ስለዚህ ወደ ሱቅ የምትሄዱ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፤ የምትገዙት ለቤት ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አታስቡ። ከድራም ጋር ተወዳድሮ ጉባኤ ፊት የሚሰማ የቤዝ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ መቶዎች ዋት ይፈልጋል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቤዙን በዲአይ ቦክስ በኩል በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ያስገቡታል። ያ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ዕቃ እሠራለሁ ያለ ሁለቱንም ያበላሻል።

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋቱን ነው። «ይሄ 15 ነው፣ ያኛው 30 ነው፤ እጥፍ ይጮኻል» ይላችኋል። አይጮኽም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይታወቃል እንጂ ብዙ አይደለም። ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ግድም መሆን አለበት። ለአንድ ክፍል ከ15 እስከ 30 ዋት ከበቂ በላይ ነውና ለተጨማሪው ቁጥር ብላችሁ የወር አስቤዛችሁን አትንኩ።

ይልቅ ስፒከሩን እዩ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ባለ አምስት ክር ከሆነ ዝቅተኛው ወደ 31 ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ያን ያህል አየር አይገፋም። እውነቱን ለመናገር ባለ 8 ኢንቹም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ በላዩ ላይ 82፣ 123 እያለ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ጆሯችን ከእነዚያ ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላል። የባሎቻችሁን ወፍራም ድምፅ በዚያች በስልክ ቀዳዳ ሰምታችሁ የምትለዩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ለቤት 8 ኢንች ይበቃል፤ ቦታና ገንዘብ ካለ 10 ኢንች የተሻለ ነው። ከዚያ ያነሱት በባትሪ የሚሠሩት ትናንሾች ለጉዞ ደስ ይላሉ እንጂ በስፒከራቸው ሲሰሙ ቤዝ መሆኑ ያጠራጥራል።

ስም ጥሩ ካላችሁኝ ፌንደር ራምብል 25 እና ኦሬንጅ ክራሽ ቤዝ 25 ሁለቱም 25 ዋት፣ ሁለቱም ባለ 8 ኢንች ናቸው፤ የኦሬንጁ መቃኛም አብሮት አለ። ራምብል 40 ባለ 10 ኢንች ነው። ሌላም አለ፤ ስሙን ሳይሆን ሥራውን እዩ። ለሊድ ጊታር የተሠራውን «ያው ነው» ብለው ቢያቀርቡላችሁ ግን ያው አይደለም። በዝግታ ቢጫወቱበት ችግር የለውም፤ ከፍ ሲደረግ የቤዙ ድምፅ ስፒከሩን ሊቀደው ይችላል። የኪቦርድ አምፕሊፋየር ካላችሁ ግን እስክትገዙ ድረስ በመጠኑ ተጠቀሙበት፤ ኪቦርድም ወፍራም ድምፅ ስላለው ለዚያ የተዘጋጀ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፤ ቀዳዳዎቹ። አምፕሊፋየሯን አዙራችሁ ሁለት ቀዳዳ ፈልጉ። አንደኛው የማዳመጫ ነው። ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩ ይዘጋል፤ ልጁ ሌሊት ሲለማመድ ሕፃን ይተኛል፣ ታማሚ ያርፋል፣ እማማ ከሥር ሰላም ያድራሉ። ሁለተኛው ከስልክ መዝሙር የሚያስገባው ነው። የቤዝ ተጫዋች የሚሠራው ብቻውን ተቀምጦ አይደለም፤ ከመዝሙሩ ጋር፣ በተለይ በጭክጭካው ስድስት ስምንተኛ ምት ላይ ከድራሙ ጋር አብሮ መርገጥን መማር አለበት። መዝሙሩና የራሱ ቤዝ በአንድ ማዳመጫ ሲሰሙት የት እንደዘገየ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ልጄን የለወጠው ዋቱ ሳይሆን ይህች ሁለተኛዋ ቀዳዳ ናት። ሁለቱ ቀዳዳዎች የሌሏትን አምፕሊፋየር በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝ አልገዛም።

እዚህ ላይ የአሁኑን ዘመን ስልክ የምትይዙ አስተውሉ፤ ብዙዎቹ የማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው ትንሽ አዳፕተር ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሯ ብሉቱዝ ካላት መዝሙሩን በብሉቱዝ መላክ ችግር የለውም፤ ልጁ የሚመታው በሚሰማው መዝሙር ላይ ነውና። ማዳመጫው ግን ባለ ገመድ ይሁን። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ዘግይቶ ያደርሳል፤ ጣት ከመታ በኋላ ዘግይቶ የሚሰማ ቤዝ ደግሞ ጎበዙንም ያሳብደዋል። የድምፁንም ልክ ተቆጣጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ከ75 እንዳይበልጥ ይላል። ዴሲቤል የምትለኩበት ባይኖራችሁም፣ ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዬ ይጮኻል ካለ በዝቷል ማለት ነው።

ስለ መብራት ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ልቤ አያርፍም። ከመካከላችን ብዙዎች አሜሪካ ወንድም ወይም እኅት አሉን፤ «ከዚያ ይምጣልኝ» ማለት ይቀናናል። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከሻንጣ ወጥታ በደስታ ግድግዳ ላይ የተሰካች አምፕሊፋየር በአንድ አፍታ ጭስ ሆና ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ከኋላዋ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ደግሞ ከኋላዋ ከተጻፈው በደንብ የሚበልጥ ይሁን። የ«25» አምፕሊፋየር ከግድግዳ የምትስበው ከ25 ዋት በላይ ሊሆን ስለሚችል በስሟ አትታለሉ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የምትመጣው ከእኛ መብራት ጋር ትስማማለች፤ የዱባይዋ የሶኬት እግሯ ብቻ ይለያል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀሏት፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይለኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የመሬት መስመር፣ ኧርዝ የሚሉት፣ በሌለበት ሶኬት ደግሞ እዝዝ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ እንጂ ከገመዷ ላይ እግር አትቁረጡ።

ማስቀመጫዋ መሬት አይሁን። ወንበር ላይ፣ ከሥሯ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተደርጎ፣ ፊቷ ወደ ልጁ ጆሮ ይዙር። ወፍራም ድምፅ በወለል በኩል ወደ ታች ቤት ስለሚሄድ ከወለሉ መለየት ይረዳል። ጥግ ውስጥ ከተቀመጠች ድምፁ ያብጣልና ከግድግዳ ትንሽ አርቋት።

እኛ ያንን ትልቁን ሸጥነው፤ በከፊሉ ዋጋ ትንሿ መጣች። አንድ ወር ያህል ካለፈ በኋላ እማማን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። «ያ ልጅ ተወው እንዴ? ወይስ አሞታል?» አሉኝ። አልተወውም፤ በየማታው ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ይመታ ነበር። የእጁ ጉልበት ለመለስለስ ግን ጊዜ ወስዶበታል፤ የስድስት ወሩን ልማድ ለማራገፍ ሌላ ስድስት ወር ፈጅቶበታል።

ያቺ እናት ቅዳሜ ወደ ሱቅ ልትሄድ ነው። ልጁን ከነጊታሩ ይዘሽው ሂጂ ብያታለሁ፤ በሱቁ ጊታር የሚሰማው ድምፅ የእርሱ አይደለም። ሻጩ ከፍ አድርጎ ሊያሳያት ይፈልጋል፤ እሷ ግን ቤት በሚሰማው ልክ ዝቅ ታስደርገው። ልጁ ወፍራሙን ክር በየቦታው እየነካ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ይውረድ፤ አንዱ ቦታ ላይ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ወረቀት የሚንቀጠቀጥ ከሰማ ስፒከሩ ወይም ሣጥኑ ችግር አለበት። ያገለገለ ከሆነ ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያዙር፤ ማዳመጫውንም ሰክቶ በሁለቱም ጆሮ መስማቱን ያረጋግጥ። ለማዳመጫውና ለጊታሩ ገመድ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ደግሞ ከአምፕሊፋየሯ ዋጋ ላይ ታስቀር፤ እኛ ሳናስቀር ቀርተን ልጁ አንድ ሙሉ ሳምንት ዕቃዋን አቅፎ ሲያያት ከርሟል።