ሳላስፈቅደው የጻፍኩበት ሰው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ለማስተርስ ጥናቱ ከቀን ሠራተኞች ጋር ሊውል አስቧል። «መምህር፣ አጥኚ መሆኔን ካወቁ እውነቱን አይነግሩኝም። ዝም ብዬ ሥራ ፈላጊ መስዬ ብገባስ?» አለኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔም በሱ ዕድሜ አድርጌዋለሁና።

ክፍል ውስጥ አብረን የነበርን የሎድ ሃምፍሪስን ነገር ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በመናፈሻ መጸዳጃ ቤቶች በድብቅ የሚገናኙ ወንዶችን ያጠናው የሶሲዮሎጂ ተማሪ። ሰው ሲመጣ የሚጠቁም ጠባቂ ሆኖ አብሯቸው ቆመ። የመኪናቸውን ታርጋ መዘገበ፣ በታርጋውም አድራሻቸውን አገኘ። ከዓመት በኋላ መልኩን ለዋውጦ፣ «የጤና መጠይቅ ነው» ብሎ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለትዳር ነበሩ። መጽሐፉ በ1970 ወጣ።

ጥናቱ አልጠቀመም አልልም። ሰዎቹ እንደሚወራባቸው ሳይሆኑ ተራ ጎረቤት መሆናቸውን አሳይቷል። ስማቸውንም አላወጣም። ግን ያ ዝርዝር ፖሊስ እጅ ቢገባስ ኖሮ? እስሩ፣ ከሥራ መባረሩ፣ የትዳሩ መፍረስ የነሱ ነበር። እሱ አስቦበት ገባ፤ እነሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ያኔ አንድ ሰውዬ ሻይ እየጠጣን ከሚስቱ የደበቀውን ዕዳ አጫወተኝ። እንደሱ ሥራ ያጣሁ መስሎት ነው። ስሙን ቀይሬ ጻፍኩት። ሠፈሩን፣ የድሮ ሙያውን፣ የልጆቹን ቁጥር ግን እንዳለ ተውኩት። የሚያውቀው ሰው ቢያነበው ወዲያው ይለየዋል። እኔ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ እሱ እስከ ዛሬ እንደተጻፈበት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ!

«ካልተደበቁ የማይገኝ እውነት አለ» የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ አለ። ጉልበት ያለው አካል በደሉን ሲሸሽግ ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። የቀን ሥራ ፍለጋ በጠዋት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ግን ምን ጉልበት አለው? ያለችው ምስጢሩ ናት። እሷን ለማን እንደሚሰጥ የመምረጥ መብቱን መውሰድ እኮ ጥናት አይባልም።

ለተማሪዬ ያልኩት ይህን ነው፦ «ማን እንደሆንክ ንገራቸው። መጀመሪያ ይሸሹሃል። አንተ ግን ተመላለስ። የነገሩህ ነገር ቢያንስ ምርቃት ይሆናል እንጂ ስርቆት አይሆንም።»

እናንተስ? መስክ ላይ የገጠማችሁን እስቲ ጻፉልኝ።