በስልክ የወረደ ዜማ ስለሚጠፋበት ምክንያት

ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ ይልቅ ከእጃችን ስለማይለየው ስለ ስልክ፥ ይልቁንም በውስጡ ያወረድነው ዜማ በምንፈልገው ሰዓት እንቢ ስለሚልበት ምክንያት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ዐሰብን። ነገሩ የጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ቀጥለን የምንተርከውን እስኪፈጽም ድረስ ፍርዱን እንዲያቈየው እንለምነዋለን።

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት የምናውቃቸው እመቤት፥ ዓይናቸው የጠፋውን በሽተኛ ታላቅ ወንድማቸውን ለማስታመም ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ ለመሄድ ተነሡ። ወንድምዬው በጕልማስነታቸው በገና ይደረድሩ ነበር፤ ጣታቸው ከደነዘዘ ወዲህ ግን የሌላውን ሰው ድርደራ ከመስማት በቀር ሌላ መጽናኛ አልነበራቸውም። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው የእመቤቲቱ ልጅ፥ በየወሩ ገንዘብ የሚከፈልበት አንድ የሙዚቃ አገልግሎት ለእናትዋ ከፈተችላቸው፤ የዓለሙ አጋንና የሌሎችንም ደርዳሪዎች በገና በሩቅ ሆና እየመረጠች በዝርዝር አኖረችላቸው። እናትየዋም በየካቲት 12 ቀን እሑድ ማታ በጎረቤት ዋይፋይ ሁሉንም አውርደው በማግሥቱ መንገድ ጀመሩ።

በሄዱበት መንደር ስልክ የሚያነጋግረው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ነው፤ ኢንተርኔት ግን በኮረብታውም ላይ የለም። ቢሆንም የወረደው በገና ያለ ኢንተርኔት በየማታው ይሰማ ነበርና፥ ሽማግሌው ከአልጋቸው ሳይነሡ ጾማቸውን በደስታ ያሳልፉ ጀመር። የደብረ ዘይት እሑድ ዐልፎ በመጋቢት 13 ቀን ረቡዕ ማታ ስልኩ ቢነካ ዝም አለ። የዜማዎቹ ስም በመስታወቱ ላይ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም አመድ መስሎ ደብዝዞአል። ሽማግሌውም «አንቺ እኅቴ፥ ደርዳሪው ደከመው መሰለኝ» አሉ ይባላል።

በማግሥቱ የወንድምዬው የልጅ ልጅ፥ የ14 ዓመት ልጅ፥ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ወደ እኛ ደወለ። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፥ ብዙ ሰው እንደሚለው «አፑን አጥፋውና እንደ ገና አስገባው» ብለን መለስንለት። ይህ ምክር የኛ ነበርና ኀፍረቱም የኛ ነው። ልጁ እንደ ታዘዘው አጠፋው፤ መልሶ ለማስገባት ግን ኢንተርኔት የለም። አፑ ሲጠፋ በውስጡ የወረደው ሁሉ ዐብሮ ስለሚጠፋ፥ ደብዝዞ የነበረው ዜማ ፈጽሞ ሄደ። ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ አፕን ማጥፋት፥ ዝናም ሲዘንም ቤትን አፍርሶ እንደ መሥራት ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ስልኩ የሚፈልገው ስለ ሌለ ባትሪው ፈጽሞ አልቆ ለብዙ ቀን ተቀመጠ። ልጁ ወደ ገበያ ከተማ ሊወስደው ቻርጅ ባደረገው ጊዜ፥ ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን ዘንግቶ አገኘው። ልጁም ብልኅ ነውና በአገራችን አቈጣጠር ወሩን፥ ዓመቱንም 2015 ብሎ በእጁ ሞላው። ከተማ ደርሶ ኢንተርኔት ቢከፍት አፑን ማስገባት ቀርቶ አንድ ገጽ እንኳ የሚከፈትለት ጠፋ። አንዱ ሲሙ ተበላሽቷል አለው፤ ሌላው ስልኩን ሽጠው አለው። ባዶ እጁን ተመለሰ። በሁለተኛው ጕዞ፥ በጸሎተ ኀሙስ ቀን፥ አንድ ስልክ ጠጋኝ መስታወቱን ቢያይ «ዓመተ ምሕረቱ ነው» አለና ቀኑን አስተካከለለት፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀበት። የይለፍ ቃሉን ከሜሪላንድ በስልክ ተቀብለው አፑን አስገቡ፤ በገናውንም መልሰው አወረዱ። በመካከሉ ግን 22 ሌሊት ያለ በገና ዐልፎ ነበር። ሽማግሌው በዚያው ዓመት በክረምት ዐረፉ። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለ እነዚያ 22 ሌሊቶች ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ በእነዚህ አገልግሎቶች «ማውረድ» የሚባለው ገዝቶ ወደ ቤት ማግባት አለመሆኑ ነው። ድርጅቱ ዜማውን በምስጢር ቍልፍ ቈልፎ በስልካችን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ቍልፉንም ለተወሰነ ጊዜ ያውሰናል። ስልኩ በየጊዜው በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ቀርቦ፥ ባለቤቱ ዛሬም ከፋይ መሆኑን ማስመስከር አለበት፤ ስንት ጊዜ ምን እንደ ሰማንም ለባለ ዜማዎቹ የሚከፈለው ሒሳብ ይታወቅ ዘንድ በዚያው ጊዜ ይነገራል። ይህ ሳይሆን ቀኑ ቢያልፍ፥ ዜማው በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ይዘጋል። ስፖቲፋይና ዩቱብ ሙዚክ ይህን ቀን 30 አድርገውታል። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው። ወርኀዊው ክፍያ ሲቋረጥም እንደዚሁ ይሆናል፤ በአፕል ሙዚክም የከፋይነቱ ጊዜ ካበቃ የወረደው አይሰማም። እኛ ድርጅቶቹን ስለ ደንባቸው አንነቅፍም፤ ደርዳሪውም ዋጋውን ማግኘት አለበትና። ነገር ግን በአዝራሩ ላይ «አውርድ» ከሚለው ይልቅ «ተዋስ» የሚል ቃል ቢጻፍበት ኖሮ ብዙ ሰው ከማዘን በዳነ ነበር።

ስለዚህ ኢንተርኔት ወደሌለበት አገር ለብዙ ጊዜ የሚሄድ ሰው፥ በመነሻው ዕለት ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ አፑን ይክፈት፤ 30 ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ዕለት ነው። ከዚያም 25ኛው ወይም 26ኛው ቀን ሳያልፍ፥ ስልኩን ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ። እዚያም ደርሶ አፑን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ መቈየት ይበቃል፤ ዜማውን እንደ ገና ማውረድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር የቀን አቈጣጠር ነው፤ ይህም በሌላው አገር ሕዝብ ላይ እምብዛም የማይደርስ፥ የኛ የራሳችን ጣጣ ነው። ስልክ ከአንድ ድርጅት ጋር በኢንተርኔት ሲገናኝ አስቀድሞ የድርጅቱን የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ በወረቀቱም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። የኛ ዘመን ከአውሮፓው ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በ7፥ ከዚያ ወዲህ በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነውና፥ ስልኩ ዘመኑን 2015 ብሎ ሲያምን በ2023 የሚሠራው ወረቀት ለርሱ ገና ያልተጻፈ ነው። ስለዚህ እንደ ጠንቃቃ ዘበኛ በሩን ይዘጋል፤ ተሳስቷልም አይባልም። ስለዚህ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓቱን ከኔትወርኩ ራሱ እንዲወስድ የሚያደርገውን ክፍል መክፈት ይገባል። በእጅ መሙላት ግድ ከሆነ በአውሮፓ አቈጣጠር ይሞላ፤ በዓላትንና ጾሙን ለማወቅ ለብቻው የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ቀን መቍጠሪያ አፕ ማስገባት ይቻላል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ጧት ሁለት ሰዓት የምንለውን ስልኩ 8 ብሎ ማወቅ አለበት። ስንት ስልክ በዚህ ምክንያት ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ እንደ ተሸጠ እግዚአብሔር ያውቃል።

ማውረዱ ገና ከመነሻው እንቢ ሲል ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። አፑ በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ ተደርጎ ስለሚመጣ፥ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው በአፑ ሴቲንግ ውስጥ በዳታም እንዲያወርድ ካልፈቀደለት ለዘላለም ተራ ሲጠብቅ ይኖራል። የዋይፋይ ምልክት መታየቱም ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፤ ሌላ ገጽ ከፍቶ መሞከር ነው። ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ደግሞ በስፖቲፋይ ሙዚቃ ማውረድ አይፈቀድለትም፤ ይህን ሳያውቁ ስልካቸውን የሚሰድቡ አሉ።

ስለ ስፍራ ጥቂት ሒሳብ እናሳይ። በከፍተኛ ጥራት፥ ለምሳሌ በሰከንድ 320 ኪሎቢት፥ የ4 ደቂቃ ዘፈን ወደ 10 ሜጋባይት ያኽላል፤ 10 ደቂቃ የሚሄድ የበገና ድርደራ 24 ሜጋባይት ይወስዳል። በመካከለኛው በ96 ኪሎቢት ከሆነ ያው የ4 ደቂቃ ዘፈን 3 ሜጋባይት አይሞላም። ለአንድ በገናና ለአንድ ድምፅ፥ ያውም በስልክ ድምፅ ማጕያ ለሚሰማው፥ መካከለኛው ይበቃል ባዮች ነን፤ ዳታውም ይቈጠባል፤ ማውረዱም ቶሎ ያልቃል። ስልኩ ሞልቶ ጢም ካለ ግን ጥራቱን መቀነስ ብቻ አያድንም፤ ስፖቲፋይ ራሱ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ባዶ ስፍራ እንዲኖር ይመክራል። የልጆች ቪዲዮ ከሚያጠበው ስፍራ ጥቂቱን ማስለቀቅ የእናት ድርሻ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቈጠብ ሲሉ፥ መስታወቱ እንደ ጠፋ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ያስቆሙታል። ሌሊት እንዲያወርድ ትተውት ተኝተው ጧት ሲነሡ በ7ኛው ዘፈን ላይ ቆሞ የሚያገኙት ስለዚህ ነው። በባትሪው ሴቲንግ ለዚህ አፕ ገደቡን ማንሣት፥ ወይም ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ መስታወቱን ሳያጠፉ መቈየት ይረዳል። ዜማው በሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲወርድ የተደረገ እንደ ሆነና ካርዱ ያረጀ ወይም ላዩ ላይ የተጻፈውን ያኽል የማይይዝ አስመሳይ ከሆነ፥ ዛሬ የወረደው ነገ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለውን ካርድ ከመጠገን መለወጥ ይሻላል።

ባንድ ሒሳብ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበል፤ በስፖቲፋይ ደንብ ባንድ ሒሳብ ማውረድ የሚቻለው እስከ 5 መሣሪያ ብቻ ነው። በ6ኛው ላይ ሲወርድ፥ ከሁሉ ረዥም ጊዜ ሳይነካ ከቈየው መሣሪያ ላይ የወረደው ይሰረዛል። ያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የአያት ስልክ ነው። በውጭ አገር ያሉ ልጆች ሒሳባቸውን ለወላጆቻቸው ሲያካፍሉ፥ አዲስ ስልክ በገዙ ቍጥር አሮጌውን ከሒሳቡ እንዲያስወጡ እናሳስባቸዋለን።

አፑ የደነዘዘ እንደ ሆነ የሚወሰደው ርምጃ በቅደም ተከተል ይሁን። አስቀድሞ ስልኩን ማጥፋትና ማብራት፤ ቀጥሎ አፑን ማደስ፤ ከዚያም ክሊር ካሽ የሚለውን መንካት። ይህ ትርፍራፊውን ብቻ ይጠርጋል። ከጎኑ ያለውን ክሊር ዳታ ግን የወረደውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፥ እንዲሁም አፑን ማጥፋት፥ መልካም ኢንተርኔት ከፊታችን ካልሆነና የይለፍ ቃሉን ካላወቅን በቀር አይነኩም። በእኛ ምክር የደረሰውን አይታችኋል።

ከመንገድ በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ፤ ከፈተናዎች ሁሉ የምንወደውም እርሱን ነው። የአውሮፕላን ሞድ የሚባለውን ከፍቶ፥ ዋይፋዩም መዘጋቱን አይቶ፥ ከየዝርዝሩ ሁለት ሦስት ዜማ ማሰማት ነው። የሚሰማው በእውነት ወርዶአል፤ የማይሰማው አልወረደም። አረንጓዴውን ቀስት ብቻ አይቶ አይነሣም።

ሊጠፋ የማይገባው ድምፅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ይያዝ። በፋይል ወይም በሲዲ ገዝተው የያዙት ዜማ የወር ክፍያ አይጠይቅም፤ በራስ ስልክ የተቀዳ ድምፅም እንዲሁ። በዚያ ዓመት በፋሲካ ማግሥት ሽማግሌው የገዛ በገናቸው ከግድግዳው እንዲወርድላቸው ለመኑ። ጅማቱ ከላላ ቈይቶ ነበርና ልጁ እየጠበቀላቸው፥ በደነዘዘው ጣታቸው ጥቂት ደረደሩ፤ ልጁም በእትዬው ስልክ ድምፅ መቅጃ ቀዳው። ርዝመቱ ከ3 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል፤ በመካከሉ ሳል አለበት፤ በመጨረሻው «በቃኝ፥ አንሡልኝ» የሚል ይሰማል። እመቤቲቱ በስልካቸውና ባንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይዘውታል፤ ልጃቸውም በሜሪላንድ በኮምፒውተርዋ ውስጥ አኑራዋለች።