ተፈርሞ ያልወጣ ደብዳቤ

በመሥሪያ ቤት ጥቂት ወራት ያገለገለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብዳቤ ተፈረመ ማለት ደብዳቤ ወጣ ማለት አይደለም። ኀላፊው ፈርመውበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ እንኳ ተላላኪው እስኪነሣ ድረስ በወጪ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ተላላኪውም ስለ አንድ ደብዳቤ ብቻ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ አይሄድም፤ አምስት ስድስት እስኪሆንለት ይጠብቃል። ባለጉዳዩ ግን «ተፈርሟል» የተባለ እንደ ሆነ ነገሩ ያለቀ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክና በጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ከዚህ የተለየ ጠባይ ያላቸው እንዳይመስሏችሁ። እነርሱም የወጪ ሣጥን አላቸው። ባለሙያዎቹ ባፈር ይሉታል፤ እኔ ግን ቋት ብዬ ልጠራው እመርጣለሁ። በልጅነታችሁ ወፍጮ ቤት የተላካችሁ እንደምታስታውሱት፣ ዱቄቱ ወርዶ የሚጠራቀምበት ዕቃ ቋት ነውና። በቋት ውስጥ ያለ ዱቄት ተፈጭቷል፤ ነገር ግን ገና ከስልቻችሁ አልገባም።

በመጀመሪያ ቋት የተፈለገው ለፍጥነትና ለቁጠባ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ጆን ናግል የተባለ በፎርድ ኤሮስፔስ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ አንድ አስቂኝ ነገር አመለከተ። ሰው በመስመር በተያያዘ ኮምፒዩተር ላይ አንዲት ፊደል በነካ ቁጥር ያቺ የ1 ባይት ፊደል በ40 ባይት የአድራሻ ፖስታ ታሽጋ ትጓዝ ነበር። ፖስታው ከደብዳቤው አርባ እጥፍ ከበደ ማለት ነው! ናግል የሰጠው መድኀኒት ቀላል ነበር፤ ቀደም ብሎ የተላከው መድረሱ እስኪታወቅ ድረስ ጥቃቅኑን ሁሉ በቋት አቆይቶ ባንድነት መላክ።

በኋላ ግን በየኪሱ ባትሪ መጣና ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ስልክ መልእክት ሲልክ ባትሪውን የሚበላው የመልእክቱ ርዝመት ብቻ አይደለም። የሬዲዮው ክፍል ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከማማው ጋር መገናኘት ይኖርበታል፤ ልኮ ከጨረሰም በኋላ ምናልባት ሌላ ይከተል ይሆናል በማለት ለጥቂት ሰከንዶች ነቅቶ ይቆያል። ስለዚህ በየደቂቃው አንዲት ቃል የሚልክ ፕሮግራም፣ ስልሳውን ቃል አጠራቅሞ በሰዓት አንድ ጊዜ ከሚልከው ይልቅ እጅግ ብዙ ኀይል ይፈጃል። ምጣዱን አግላ አንድ እንጀራ ብቻ ጋግራ እሳቱን የምታጠፋ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለሁለተኛው እንጀራ እንደ ገና እሳት የምታነድ ባለሞያ ማን አይቷል?

የአንድሮይድ ሠሪዎች ይህን ስለ ተረዱ በ2015 በወጣው በ6ኛው ዕትም ዶዝ የተባለ ሥርዓት አገቡ፤ ትርጓሜው ማንቀላፋት ነው። ስልኩ ከኀይል መስመር ተነቅሎ፣ መስታወቱ ጠፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ የቆየ እንደ ሆነ የፕሮግራሞቹን ሥራ ሁሉ ወረፋ ያስይዛል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ለጥቂት ብቻ ነቅቶ ወረፋውን ያስተናግድና ተመልሶ ይተኛል፤ እንቅልፉ በረዘመ መጠንም የመንቂያው ጊዜ እየራቀ ይሄዳል። ለአስቸኳይ መልእክት ብቻ በሩን ይከፍታል።

እስከዚህ ድረስ ብልኀት ነው። ዳሩ ግን ኀይሉ ድንገት ቢቋረጥ በቋቱ ውስጥ የቀረው ምን ይሆናል?

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እንመልከት። እናንተ ጽሑፋችሁን «አስቀምጥ» ስትሉት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመጀመሪያ በራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲለየው የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ወደ ዲስክ ገና ያልተገለበጠውን ገጽ ባለሙያዎቹ «ቆሻሻ ገጽ» ይሉታል፤ ስሙ አያምርም፣ ነገር ግን የእናንተ የድካም ፍሬ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ሠራተኛ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውን ገጽ ወደ ዲስክ ያደርሳል። ዲስክ በሚሽከረከርበት ዘመን ግን የላፕቶፕን ባትሪ ለማዳን ሲባል ይህን ጊዜ እስከ 10 ደቂቃ የሚያራዝም ስልት ነበር፤ ዲስኩ በዚያ መካከል ቆሞ ያርፍ ነበርና። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች እስከ 10 ደቂቃ የሚደርስ ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል በግልጽ አስጠንቅቀዋል። እኔ ይህን ግልጽነት አደንቃለሁ። ባትሪ ለማዳን ብሎ ሥራዬን በአደጋ ላይ የሚያኖር ፕሮግራም ቢያንስ ሊነግረኝ ይገባዋል።

ጠንቃቃ ፕሮግራም በበኩሉ «አሁኑኑ ዲስክ ላይ አድርስልኝ» ብሎ ሊያዝዝ ይችላል። ትእዛዙ ኤፍሲንክ ይባላል። የሰው ገንዘብ የሚመዘግብ ፕሮግራም ያለዚህ ትእዛዝ «ገቢ ሆኗል» ብሎ መመለስ የለበትም። ፕሮግራሞች ሁሉ በየቃሉ ይህን ቢያዝዙ ደግሞ ፍጥነቱም ባትሪውም ይጎዳል። ተላላኪውን በየደብዳቤው መሮጥ ማለት ነውና።

የፍላሽም ነገር ከዚሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ገልብጬ ጨረስሁ ካለ በኋላ ከፊሉ ገና በቋት ሊሆን ስለሚችል ነው «በሥርዓት አውጣ» የሚለው ትእዛዝ የተሠራው። ማይክሮሶፍት በ2018 በወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ለፍላሽ የሚሆነውን ቋት ሳይነኩት ከሥራ ውጭ አደረገው፤ ሰዉ አልሰማ ስላለ ይመስለኛል። ቢሆንም በየመሥሪያ ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ዕትም አይደለምና በሥርዓት ማውጣቱን አትተዉ።

ትልልቆቹ የመረጃ ማከማቻ መኪናዎች ጉዳዩን የፈቱበት መንገድ ደስ ይላል። ለቋቱ የራሱ ባትሪ አበጁለት። መብራት ሲጠፋ ይህ ባትሪ መኪናውን አያንቀሳቅስም፤ ሥራው በቋት ያለው ነገር እንዳይረሳ መጠበቅ ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ዲስኮችም ውስጥ ትንንሽ ኀይል ያዦች አሉ፤ የሚይዙት ኀይል ቋቱን አራግፎ ለማረፍ የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ያ ባትሪ ያረጀ እንደ ሆነ መኪናው ብዙውን ጊዜ ራሱ ያውቅና በቋት መጠቀሙን ይተዋል፤ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ነገር ግን አይዋሽም።

በቢሮ ያለው ዩፒኤስም የሚጮኸው ስለዚሁ ነው። የሚሰጠን ጥቂት ደቂቃ ለማስቀመጥና ኮምፒዩተሩን በወጉ ለማጥፋት ነው እንጂ ሌላ አንቀጽ ለመጀመር አይደለም። ጩኸቱን ሰምቶ ጣቱን የሚያፈጥን ጸሓፊ ስንቱ ነው!

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የስልኩ ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኀይል ቆጣቢው ይበራና በስተጀርባ የሚላከውን ነገር ያዘገያል። እንግዲህ ቋቱን ማራገፍ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማራገፉ ይቆማል ማለት ነው! ስልኩ ሲጠፋ ሥዕሉም፣ የቤት ሥራውም በውስጡ ይቀራል። ተማሪ በማግስቱ መጥቶ «መምህር፣ በእውነት ማታ ልኬዋለሁ» ሲለኝ እንደ ውሸታም አልቈጥረውም፤ የላኪውን ቁልፍ መጫኑ እውነት ነውና። ይሁን እንጂ ሥራው አልደረሰኝም፣ ማርክ ልሰጠው የምችለው ደግሞ ለደረሰኝ ነው። ልጁ ሌሊቱን የሠራውን ሥራ ያጣው ፕሮግራሙ በትንሽ ምልክት ብቻ ያንሾካሾከውን ነገር ስላላየ ነው። በቴሌግራም የሰዓት ሥዕል ከመልእክቱ ጎን ካለች ደብዳቤው ገና ከስልኩ አልወጣም፤ አንድ የራይት ምልክት ስትተካ ነው ከእጃችሁ የወጣው። ስለዚህ 3 በመቶ ሲቀራችሁ ኀይል ቆጣቢውን አጥፉ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉ፣ ያቺ ሰዓት ጠፍታ ራይቷ እስክትመጣ ድረስም ከገጹ አትውጡ።