መስበክ ሌላ፣ ማስነበብ ሌላ

መጽሐፍ ቅዱስ በትምህርት ቤት ይነበብ ወይስ አይነበብ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ፈጥነው ይሰለፋሉ። አንደኛው «ይነበብ፤ ፍቺው ግን እኛ የምንለው ብቻ ይሁን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «መጽሐፉ ከክፍል ከገባ ሰባኪው ተከትሎት ይገባል» ሲል በሩን ይዘጋል። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ማስነበብን ከመስበክ አይለዩም።

የሁለተኛው ወገን ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተማ «ልጆች በትምህርት ቤት የሚያነቡት የማንኛችን ቅጂ ይሁን?» በሚል በፕሮቴስታንቶችና በካቶሊኮች መካከል የተነሣው ጠብ፣ በስደተኞች ላይ ከነበረው ጥላቻ ጋር ተዳምሮ የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለውበታል። በእኛም ዘንድ አንዱ ሰማንያ አሐዱ ሲቆጥር ሌላው ስድሳ ስድስት ይቆጥራል፤ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ ቁርኣን የቀራ ነው። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን መደንገጉ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ከተጽዕኖ ነጻ መሆን ማለት ከዕውቀት ነጻ መሆን ነውን? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ በአምልኮ መልክ እንዳይነበብ ሲከለክል፣ ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ዕውቀት ማጥናቱን አልከለከለም። ይህን ልዩነት እኛ ከማንም ቀድመን ልናውቀው በተገባን ነበር። የትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን የግእዙን ንባብ በአማርኛ ከፈቱ በኋላ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ይደረድራሉ፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም። ጉባኤው ከሃይማኖቱ አጥር እንደማይወጣ አልክድም። ሥልቱ ግን ለማንኛውም አንባቢ የሚጠቅም የአእምሮ ሥልጠና ነው።

በአንድ የቴአትር ልምምድ ላይ አንድ ወጣት ተዋናይ «እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ» የሚለውን ቃለ ተውኔት ሲናገር በደስታ ፈገግ አለ። ንጽሕናን የሚያወድስ መስሎታል! እያወቁ ከፍርድ መሸሽ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ያ ልጅ የጎደለው እምነት አይደለም፤ የገዛ ቋንቋው ቁልፍ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሏል፤ ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው።

«ቅዱሱን መጽሐፍ ተራ ድርሰት አታድርጉብን» ለሚሉትም መልስ አለ። መቅደሱን ማንም አልነካም፤ እምነትን ማስተማር የቤተ እምነቱና የወላጅ ድርሻ ሆኖ ይኑር። የቋንቋ መምህሩ ግን የዮሴፍን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረትም፣ ከቁርኣኑ የዩሱፍ ምዕራፍም አቅርቦ ያስነብብ። የወንድማማቾቹ ቅናት በአንደኛው እንዴት ተነገረ? በሁለተኛውስ? አይሁዱ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እንዴት ፈቱት? ተማሪው «አንድም» እያለ ይመርምር። ለዚህ ግን በቅድሚያ መምህሩ ራሱ ሊሠለጥን ይገባል፤ ያልሠለጠነ መምህር ሳያስበው ሰባኪ ይሆናልና።

በፈተናውም ላይ ጥያቄው «ምን ታምናለህ?» ሳይሆን «ምን አነበብህ?» ይሁን።